የነዌ ደጅ እና የፊልም መቀስ

በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊያከትም አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አስተላለፈ። ፊልሙ መጀመሪያ የተሠራው ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ በረሃብ በተጎሳቆሉት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብር፣ የመኳንንት ሠርግና ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታዩባቸው ቁርጥራጭ ፊልሞች ተቀጥለውበት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ይህንኑ ሥርጭት እንዲመለከቱ ተነግሯቸው እንደነበር በሰፊው ይተረካል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ከዙፋናቸው ወረዱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ማታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ንጉሡን ያወረደው ወታደራዊ ኮሚቴ፣ ደርግ፣ ሕዝቡን ለለውጡ ያዘጋጀበት ስልት አድርገው ነው፤ ስልትነቱም አያከራክርም። ነገር ግን ከስልቱ ጀርባ ሥነ ምግባርንም ሃይማኖትንም የሚነካ ጥያቄ አለ፤ እያንዳንዱ ምስል በራሱ እውነት ሆኖ ሳለ ምስሎቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ሐሰት ሊሆን ይችላልን? ከቻለስ፣ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የሚይዘው ምስሉን ያነሣውን ሰው ነው፣ የቆረጠውንና የቀጠለውን ነው፣ ወይስ ተቀምጦ አይቶ የፈረደውን?

ጥያቄው ክብደቱ የሚታወቀው ቴሌቪዥን በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ምን እንደነበረ ሲታሰብ ነው። ጣቢያው በ1950ዎቹ አጋማሽ ቶምሰን በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ የተቋቋመ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ፣ በጥቁርና ነጭ የሚያሰራጭ፣ ተመልካቹም በዋና ከተማይቱና በአካባቢዋ የተወሰነ ነበር። ዜናው እንደ ሬዲዮውና እንደ ጋዜጣው ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ የዕለት ውሎ ይከፈታል፤ ማንን ተቀብለው እንዳነጋገሩ፣ የትኛውን ትምህርት ቤት መርቀው እንደከፈቱ፣ የማንን የሹመት ደብዳቤ እንደተቀበሉ። ስለዚህ በመስኮቱ የታየ ነገር ሁሉ መንግሥት አይቶ ያጸደቀው ነገር ተደርጎ ይወሰድ ነበር። የመስከረም 1 ማታው ሥርጭት ከተራ የፕሮግራም ለውጥ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ንጉሡን ሲያከብር የኖረ መሣሪያ በአንድ ማታ ከሳሻቸው ሆኖ ቀረበ። የግብሩና የድግሱ ፊልሞች ሲቀረጹ የታሰቡት ለክብር ነበር፤ ከረሃቡ ጎን በተቀመጡ ጊዜ ግን በውስጣቸው አንዲት ነገር ሳትለወጥ የክስ ማስረጃ ሆኑ።

የመጀመሪያው ፊልም የጆናታን ዲምብልቢ ሥራ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቴምዝ ቴሌቪዥን ያዘጋጀው ለነበረው «ዚስ ዊክ» ለተባለ ሳምንታዊ ፕሮግራም «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ርዕስ የሰጠውን ዘገባ ሠርቶ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአይቲቪ ጣቢያ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ረሃቡ ርዕሱ እንደሚለው ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ታይተው ተማሪውን አነሣሥተዋል። የወሎ ገበሬም በደሴ መንገድ ዳርና በከተሞቹ መግቢያ ተኮልኩሎ ይታይ ነበር። «አለመታወቅ» ማለት እንግዲህ በይፋ አለመነገር ማለት ነበር፤ ይህን ዓይነቱን አለመታወቅ ደግሞ የሚያጸናው ዝናብ የነሣው ሰማይ ሳይሆን ቢሮ ነው። በረሃቡ ያለቀው ሰው ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሲሆን ከፍተኛው 200,000 ይደርሳል።

እንግሊዛዊው ተመልካች ፊልሙን አይቶ ገንዘብ አዋጣ። አዲስ አበባዊው ተመልካች ያንኑ ፊልም፣ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፣ ተጨማሪ ቁርጥራጭ ገብቶበት ሲያይ ፍርድ ሰጠ። በሁለቱም ቦታ የታየው ያው ሕፃን፣ ያችው እናት ናት፤ ለለንደኑ ሰው ግን ምስሉ «ምን ትሰጣለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ለአዲስ አበባው «ተጠያቂው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለምስል ፍልስፍና መሠረታዊ ነው፤ ምስል አንድን ነገር ያሳያል እንጂ ስለዚያ ነገር አረፍተ ነገር አይጨርስም። ባለቤት እንጂ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ማሰሪያውን የሚሰጠው ከፊቱ ወይም ከኋላው የተቀመጠው ሌላ ምስል ነው።

ይህን ባሕርይ በተግባር ያሳዩት የሩሲያ ፊልም ሠሪዎች ናቸው። ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ በሬሳ ሣጥን ከተኛች ሕፃን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር ቀጣጠለው፤ ተመልካቾቹም ያው ፊት ሲርበው፣ ሲያዝን፣ ሲመኝ ያዩ መሰላቸው። ተከታዩ ሰርጌይ አይዘንሽታይን ነገሩን ወደ ትምህርት አሳደገው፤ «አድማ» በተባለው የ1925 (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ የሠራተኞችን መጨፍጨፍ ከበሬ መታረድ ጋር እያፈራረቀ በማሳየት ተመልካቹ ሁለቱን በአንድ ስም እንዲጠራቸው አደረገ። ሞንታዥ የሚባለው ይህ ነው፤ የተለያዩ ምስሎችን በመቀጣጠል በአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ በተመልካቹ አእምሮ እንዲወለድ ማድረግ። በመስከረም 1 ማታም የወሎው ምስል ስለ ንጉሡ፣ የንጉሡም ምስል ስለ ወሎ አንዲት ቃል አልተናገረም። ውሻው ሥጋውን በበላበት ሰዓት ሕፃኑ እንደሞተ፣ ሕፃኑም የሞተው ውሻው ስለበላ እንደሆነ የተናገረው ቅጣዩ ነው፤ ቅጣይ ደግሞ አይታይም።

እዚህ ላይ መቀጣጠል በራሱ ውሸት ነው የሚል ቢኖር ሊያስብበት የሚገባ ነገር ይኖራል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የተቀጣጠለ ነውና። በአንድ ግድግዳ ላይ ስቅለቱ፣ ከጎኑ ጊዮርጊስ በፈረሱ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው መኮንን ተደፍቶ ይታያል፤ በመካከላቸው ያለውን የብዙ መቶ ዓመት ርቀት ግድግዳው ያጠፈዋል። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉው ግን በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። ይህን የሚያይ ምእመን አንድም ጊዜ አልተታለለም፤ ሠዓሊው ዘመንን እንዳጠፈ፣ ፍርዱንም በዓይን አሣሣል እንደገለጠ ያውቃል፤ ልማዱ የሁለቱም ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፈው መጽሐፍ ውሸትን ውሸት የሚያሰኘው የነገሩ ከእውነት መራቅ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው በልቡ ሌላ ይዞ በአፉ ሌላ በመናገር ለማሳት ማሰቡ ነው ብሎ ያስተምራል። በዚህ ሚዛን የግድግዳው ሥዕል ከውሸት ነጻ ነው፤ የፊልሙ ቅጣይ ግን ችግር ላይ ይወድቃል። ምክንያቱም ቴሌቪዥን በዚያን ጊዜ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የአሥር ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው እንግዳ ነገር ነበር፤ ካሜራ ያየውን ብቻ ያሳያል ተብሎ የሚታመን፣ ሠዓሊ የሌለው ሥዕል። እጁ ያልታየ ሠዓሊ ፍርዱን ሲሥል ተመልካቹ ያየው ፍርድ መሆኑን አያውቅም፤ ነገሩ ራሱ የተናገረ ይመስለዋል።

የዚያ ማታ ተመልካች ፊልሙን ያነበበበት ሌላ መጽሐፍ ግን በልቡ ነበረው፤ ይኸውም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የሚገኘው የባለጸጋውና የአልዓዛር ምሳሌ ነው። ባለጸጋው ሐምራዊ ለብሶ ዕለት ዕለት ይደግሳል፤ ድኻው በደጁ ወድቆ ከማዕዱ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ይመኛል፤ ውሾችም መጥተው ቁስሉን ይልሳሉ። ድግስ፣ ረሃብተኛ፣ ውሻ፤ ደርግ በስቱዲዮ ያቀነባበራቸው ሦስቱ ነገሮች በወንጌሉ አስቀድመው ተቀናብረዋል። ቀጣጣዮቹ ይህን አስበውት ይሁን ሳያስቡት ለውጤቱ ልዩነት የለውም፤ ምሳሌውን በየዓመቱ ሲሰበክ ሲሰማ ያደገ ሕዝብ ውሻውን ባየ ጊዜ የቀረውን ራሱ ሞላው። አብዮቱ በኋላ ማርክሳዊ ስም ቢይዝም፣ ለብዙው ተመልካች በዚያ ማታ የተናገረው በወንጌል ቋንቋ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ምሳሌውና ፊልሙ በሦስት ነገር ይለያያሉ፤ ልዩነቶቹም ጥያቄውን ይፈቱታል። አንደኛው ልዩነት በስም ላይ ነው። ጌታ ከተናገራቸው ምሳሌዎች ሁሉ ሰው በስሙ የተጠራበት ይህ ብቻ ነው፤ የተጠራውም ድኻው ነው። ባለጸጋው በወንጌሉ ስም የለውም፤ ነዌ ብሎ የጠራው ከወንጌሉ በኋላ የመጣ ትውፊት ነው (ስም አልባ ባለጸጋ ለሰው ጆሮ እንደማይጥም ትውፊቱ ራሱ ይመሰክራል)። በፊልሙ ይህ ተገልብጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ስማቸውም ማዕረጋቸውም የታወቀ ነው፤ ከመንገድ ዳር የተቀረጸው ገበሬ፣ ጡቷ የደረቀባት እናት፣ ዝንብ የወረረው ሕፃን ግን ስም የላቸውም፤ ከየትኛው ወረዳ እንደመጡ፣ ስንት በሬ ሸጠው መንገድ እንደወጡ አልተጠየቁም። ለለንደኑ ተመልካች «ረሃብ» ነበሩ፤ ለአዲስ አበባው «ማስረጃ» ሆኑ። የቴሌቪዥን ሞገድ ወሎ ስላልደረሰ ስለ ራሳቸው የተሠራውን ፊልም ለማየት እንኳ ያልታደሉት እነርሱ ናቸው። ማንም ሰው ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይወሰድ ካንት ያስተማረው ሕግ ድኻን ለመጥቀም ለሚነሣ ካሜራም ይሠራል፤ የአልዓዛርን ስም የማይጠይቅ ምሕረት ከግማሽ መንገድ ይቀራል።

ሁለተኛው ልዩነት በደጁ ላይ ነው። አልዓዛር የወደቀው በባለጸጋው ደጅ ነው፤ ባለጸጋው በወጣ በገባ ቁጥር ተራምዶት ያልፋል፤ ጥፋቱ የቆመው በዚህ ቅርበት ላይ ነው። ወሎ ግን ከቤተ መንግሥቱ ደጅ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደጁን የሠራው የፊልሙ መቀስ ነው፤ የወሎዋን ኮረምን አንሥቶ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በር ላይ አስቀመጣት። ይህ አድራጎት ሐሰት ነው ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ለሁለት አሳቢዎች መልስ መስጠት ይኖርበታል። ፒተር ሲንገር የተባለው አውስትራሊያዊ ፈላስፋ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ በዚያን ጊዜ የምሥራቅ ቤንጋል ስደተኞች ይራቡ ስለነበር፣ ርቀት ለሥነ ምግባር ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ተከራክሯል፤ በአጠገብህ ኩሬ ውስጥ የሚሰጥምን ሕፃን ማውጣት ግዴታህ ከሆነ በሩቅ አገር የሚሞተውም ግዴታህ ነው፤ ኪሎ ሜትር ይቅርታ አያሰጥም። በዚህ ዓይን ሲታይ መቀሱ የፈጠረው ደጅ ሐሰተኛ አይደለም፤ ሥነ ምግባር ሁልጊዜም እንደነበረ የሚያውቀውን፣ ጂኦግራፊ የሸፈነውን ደጅ ገልጦ ማሳየቱ ነው። ለንጉሥ ደግሞ ይህ ከሌላው ሰው ይልቅ ይጸናል፤ ግዛቱ ሁሉ ደጁ ነውና።

ሌላው አሳቢ አርስጣጣሊስ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ወገኖች ያን ጊዜም ከዚያ በኋላም ያቀረቡት መከላከያ አለማወቅ ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ነገሩን ሸሸጉ፣ ሚኒስትሮቹ አለዝበው አቀረቡ፣ ንጉሡም ፊልሙ በእንግሊዝ ከታየ በኋላ ወሎን ጎበኙ። አርስጣጣሊስ የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በሚባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል አለማወቅ ሁሉ ከጥፋት እንደማያድን፣ ሰውየው ራሱ ባመጣው ወይም በቸልታው በጸና አለማወቅ ለተሠራው በደል እንደሚጠየቅ፣ ሰክሮ ያጠፋም ቅጣቱ እጥፍ እንዲሆን የደነገጉ ሕግ አውጪዎች እንደነበሩ ያስረዳል። ክፉ ወሬ የሚያመጣ ሰው የሚናቅበት፣ ደስ የሚያሰኝ የሚሾምበት ቤተ መንግሥት ካለ፣ በዚያ ያለው አለማወቅ ለብዙ ዓመት ተኮትኩቶ ያደገ ነው። ስለዚህ አላወቁም የሚለው መከላከያ እውነት ሆኖ እንኳ ከክሱ አያወጣቸውም። እስከዚህ ድረስ ክሱ የጸና ነው፤ መቀሱም እንደ ከሳሽ ሥራውን ሠርቷል።

ክሱ የሚላላው ምክንያትን በሚመለከት ነው፤ ምስል ሊያሳየው የማይችለው ነገርም ይህ ነው። አማርትያ ሴን የተባለው ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅና ፈላስፋ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትት መጽሐፉ የወሎን ረሃብ መርምሮ አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል፤ በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ እህል ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ሲሆን የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንደ ረሃቡ ክብደት አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው የተራበው እህል ከአገር ስለጠፋ አልነበረም፤ የራሱ አዝመራ በመድረቁ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ ስላጣ፣ ከብቱም በርካሽ ስለሄደበት፣ ገበያ የወጣውን እህል የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ነው። ሴን ይህን የማግኘት መብት መናድ ይለዋል፤ ሰው በሕግና በገበያ ሥርዓት ውስጥ ምግብን የራሱ ሊያደርግበት የሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ሲዘጉበት ማለት ነው። እንግዲህ ድግሱንና ረሃቡን የሚያያይዝ እውነተኛ ገመድ ነበረ፤ ገመዱ ግን ከውሻው ሳህን አላለፈም። ያለፈው በባለርስትና በጭሰኛ ውል፣ በግብር፣ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ በሚነዳው የጭነት መኪና በኩል ነው። ከመኪናው ላይ ያለው ጆንያ ለካሜራ ጆንያ ብቻ ነው፤ የማን እንደነበረና ለምን እንደሄደ አይነበብበትም። ውሻው ግን ይታያል። ቴሌቪዥን ምክንያት ለማሳየት ሲቸገር በምክንያት ፈንታ ነውርን ያሳያል፤ ነውር ፊት ስላለው።

ይህ ስሕተት በቃላት ክርክር ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ውሻው ምክንያት መስሎ የታየው ሰው መፍትሔውንም ከውሻው ባለቤት መውረድ ይጠብቃል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ባደረገው አዋጅ ወደ ሥሩ መሄዱ ሊካድ አይገባም። ቢሆንም በመስከረሙ ፊልም ስለ ጭሰኛና ስለ ርስት ከተነገረው ይልቅ በዓይን የቀረው የሥጋው ሳህን ነው፤ ዛሬም ስለዚያ ማታ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው እርሱን ነው።

በነዚሁ ዓመታት ሌሎች አገሮችም ቴሌቪዥን ምን ማድረግ እንዲችል እንደሚፈቀድለት በየራሳቸው መንገድ ይወስኑ ነበር። ህንድ ከነሐሴ 1975 እስከ ሐምሌ 1976 (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ በተዋሰችው ሳተላይት አማካይነት ወደ 2,400 ለሚጠጉ መንደሮች ስለ እርሻና ስለ ጤና የሚያስተምር ፕሮግራም ላከች። የደቡብ አፍሪካ የነጮች መንግሥት ደግሞ ቴሌቪዥንን እስከ ጥር 5 ቀን 1976 (እ.ኤ.አ.) አዘግይቶታል፤ ሚኒስትር የነበረው አልበርት ሄርትዞግ መሣሪያውን የዲያብሎስ ሣጥን አድርጎ ያየው ነበር። ሄርትዞግ በዘር ጉዳይ የያዘው አቋም ሁሉ የተወገዘ ቢሆንም የአንድ ነገር ፍርሃቱ ትክክል ነበር፤ ለያይተው የሚገዙ ሰዎች ተለያይተው የሚኖሩትን በአንድ መስኮት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሊፈሩ ይገባቸዋል።

ሦስተኛው የምሳሌውና የፊልሙ ልዩነት በመልስ ላይ ነው። በወንጌሉ ባለጸጋው ተፈርዶበትም እንኳ ይናገራል፤ አብርሃምን አባት ብሎ ይለምናል፣ ስለ ወንድሞቹ ይማልዳል፣ አብርሃምም ልጄ ብሎ ምክንያቱን እየነገረ ይመልስለታል። በሲኦልም ሙግት አለ። የኢትዮጵያ የፍርድ ልማድ ይህንኑ ያውቃል፤ በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ አንዱ የሌላውን ቃል ይፈትናል፤ ያልተጠየቀ ቃል ለዳኛ ፍሬ የለውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 አንድ ምስክር ብቻውን እንዳይበቃ፣ ምስክሩም ራሱ በደንብ እንዲመረመር የታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ምስል ግን አይጠየቅም። አፍላጦን ፋይድሮስ በተባለው ድርሳኑ ሥዕልና ጽሑፍ ሕያው መስለው ቆመው ሲጠይቋቸው ዝም እንደሚሉ በሶቅራጥስ አፍ አናግሯል፤ ተንቀሳቃሹ ምስል በዚህ ላይ የጨመረው ዝምታውን የሚሸፍን ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድግስ መቼ ነበር፣ ከረሃቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የማን ሠርግ ነው ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ቢኖር ከመስኮቱ የሚመልስለት አልነበረም።

እዚህ ላይ ፍትሕ ለደርግም ይገባዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ንጉሡን ለመክሰስ የተዘጋጀ ችሎት አልነበረም፤ ክሱ በችሎት ፈንታ በቴሌቪዥን የመጣው ችሎቱን ለዘመናት የዘጋው ያው ዙፋን ስለነበረ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት አካላቸው ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይደፈር ተብሎ ተደንግጎ ነበር። መልስ መስጠት የማይገደድ ሰው መልስ የመስጠት ዕድልም እንደሚያጣ የዚያ ማታ ሥርጭት አሳይቷል። ደርግ የሚወቀሰው እንግዲህ በመክሰሱ ሳይሆን ክሱን እንደ ፍርድ በመቍጠሩ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የወሎን ጉዳይ ሰነድ እያገላበጠ፣ ባለሥልጣናቱንም አንድ በአንድ እየጠራ ይጠይቅ ነበር፤ ዘገምተኛም ቢሆን ተጠየቅ የሚባልበት ቦታ እርሱ ነበር። ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ እስረኞች፣ ከነዚህም ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ፖለቲካዊ ውሳኔ በተባለ ቃል ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱም ለአንድ ችሎት እንኳ ሳይቀርቡ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ። የመስከረሙ ፊልም የኅዳሩን ግድያ አመጣ ማለት አይቻልም፤ ምክንያትን በመቀጣጠል መፍጠር የፊልሙ ራሱ ስሕተት ነበርና እዚህ ሊደገም አይገባም። ሕዝብ አይቶ ስለፈረደ ሌላ ችሎት አያስፈልግም የሚለውን አስተሳሰብ ግን ሁለቱም ይጋሩታል።

ከሁሉ ይልቅ የመቀሱን ነገር የሚያስረዳው ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን የሚያከብርበትን፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም (ኢሠፓ) የሚመሠረትበትን ታላቅ በዓል አዘጋጀ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሰራጨት የጀመረውም በዚያ በዓል ነው። በዚያው ጊዜ ያው ወሎ፣ ከትግራይ ጋር፣ ከበፊቱ በባሰ ረሃብ ያልቅ ነበር። ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ የእንግዶቹ ግብዣ በቀለም ታየ፤ ኮረም ግን በዚያ ሰሞን በአገሩ መስኮት አልነበረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን የኮረምን ምስል ለዓለም አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ የውጭ ጋዜጠኞች የበዓሉን ወጪና የረሃቡን መጠለያ ጎን ለጎን አድርገው መዘገብ ጀመሩ። ይህ ሁለተኛው መቀጣጠል ከመጀመሪያው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነበር፤ ድግሱና ረሃቡ የአንድ አገር ብቻ ሳይሆኑ የአንድ ሰሞን ነበሩ፣ ዘመንን ማጠፍም አላስፈለገም። የመጀመሪያውን ቅጣይ በአዲስ አበባ ያቀናበረው ጣቢያ ግን ሁለተኛውን አላሳየም፤ ጣቢያው አሁንም የባለሥልጣን እንደመሆኑ የመስከረም 1 ማታው ዘዴ ለማንም ዜጋ ክፍት አልነበረም።